በጨረቃ ኪሎ

ሰማዩን የቀባነው በጫማ ቀለም ነው። ወደን አይደለም።

ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ጥርሷን ታጥባ፣ ፒጃማዋን ለብሳ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ከሳበች በኋላ «አባቢ» አለችኝ፤ «ለነገ ቻርት ታዘናል።»

ልጅ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። እንደ ሌባ ሲመሽ ነው የምትመጣው። «መቼ ነው የታዘዛችሁት?» ብሎ መጠየቅ ራስን ማናደድ ነው፤ እኔ ግን ጠየቅኩ። ሰኞ ነው። ከሰኞ እስከ ዛሬ ቀኑ የት ገባ ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ የመብራት ሒሳብ ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ቀን ተጋፍቼ የምከፍል ሰው መሆኔ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

«ስለ ምንድን ነው ቻርቱ?»

«ስለ ጨረቃ ስበት።»

እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ባለፈው ወር የታዘዘው ስለ አፈር መሸርሸር ነበር። በኮላ የለጠፍነው አፈር ትምህርት ቤት ሳይደርስ ታክሲ ውስጥ ተሸርሽሮ አልቆ፣ ልጄ ባዶ ወረቀት ይዛ ገብታለች። ጨረቃ ቢያንስ አትረግፍም።

ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩ። ከግቢያችን በር አጠገብ ያለችው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ግማሽ ተዘግታለች፤ ባለሱቋ ቆርቆሮውን ወደ ታች እየሳበች ነው። «ጥቁር ቻርት አለሽ?» ስላት ሳቀች።

«ጨረቃ ነው አይደል? ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አንተ ዘጠነኛው አባት ነህ። ጥቁሩ አልቋል።»

ነጭ ቻርት፣ አንድ ጥቁር ማርከርና አንድ ኮላ ይዤ ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ፣ ጥቁር ቻርት ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ሲወጣ ደረስኩበት። ስለ ጤና፣ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ በዓሉ ተጠያየቅን። ስለ ቻርቱ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

«ሰማዩን ሰማያዊ ብናደርገውስ?» አልኳት ልጄን። ቀለሙ ራሱ ስሙን ያገኘው ከሰማይ ነው፤ ምን ክፋት አለው? እንቅልፏ በርሮ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «ጨረቃ ላይ በቀንም ጥቁር ነው! አየር የለማ!» ልክ ናት። የእኛን ሰማይ ሰማያዊ ያደረገው የፀሐይን ብርሃን የሚበትነው አየር ነው። ጨረቃ ላይ የሚበትን የለም፤ ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ እያቃጠለች ሰማዩ የሌሊት ነው። ማርከሩ ሁለት ስንዝር ያህል ሰማይ ካጠቆረ በኋላ ሲጥ ሲጥ እያለ ደረቀ።

አማቴ ለገና ከደብረ ብርሃን መጥተው ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንበው ያዩናል። «የጫማ ቀለም የላችሁም?» አሉ።

አለን። በአሮጌ ካልሲ እያነሳን ለቀለቅነው። እንዴት ያለ ሰማይ ወጣው መሰላችሁ! ያብለጨልጫል። ቤቱ ብቻ የሊስትሮ ሰፈር ሸተተ። ጨረቃዋን ሰሃን ደፍተን ዙሪያዋን አሰመርንና ቆረጥናት፤ ጉድጓዶቿን ልጄ የሲኒ ቂጥ አመድ እየነከረች አተመችባት። ከሩቅ ለሚያያት ጨረቃ ናት። ከቅርብ ለሚያያት ስድስት ሰው ቡና የጠጣበት ረከቦት ናት።

ርዕሱን እኔ ልጻፍ አልኩ። ከላይ ነጭ ያስቀረነው ቦታ ላይ፣ በቀይ፣ በጉልህ፣ ከነቃለ አጋኖው ጻፍኩት፦ «ጨረቃ ላይ ስበት የለም!»

ልጄ ጽሑፉን አየች። ቀጥሎ እኔን አየች። «አባቢ፣ ስበት ከሌለ ዘለው እንዴት ተመልሰው ወረዱ?»

«እነማን?»

«ጠፈርተኞቹ።»

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አየርና ስበት እንደ ስኳርና ሻይ አብረው የሚኖሩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር። አየር ከሌለ ስበት የለም፤ ሰው ይንሳፈፋል፤ አለቀ። «አየር ስለሌለ ነው» አልኳት በሙሉ ልብ፣ ጥያቄዋን እንኳ ሳልመልስ።

«አየር ነው እንዴ ወደ መሬት የሚጫነን?» ብላ ደብተሯን አመጣች። የአካባቢ ሳይንስ መምህሯ አስጽፈዋቸዋል፦ መሬት ጨረቃን ይዛ የምታዞራት በስበት ነው። መሬትና ጨረቃ መሐል ደግሞ አየር የለም። ደብተሩ ላይ አንድም ስርዝ የለበትም።

ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። አባት የማያውቀውን የሚያጠናው እዚያ ነው። ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ወጣሁ። ስበት ቁስ ባለበት ሁሉ አለ፤ አየርን ፈቃድ አይጠይቅም። መሬት ላይ የተለቀቀ ነገር በእያንዳንዱ ሰከንድ ፍጥነቱ በሰከንድ 9.8 ሜትር ይጨምራል፤ ጨረቃ ላይ 1.62 ሜትር ብቻ። ሲካፈል ስድስተኛ እጅ ገደማ ይመጣል።

«የሲሶ እኩሌታ» አሉ አማቴ ከሶፋው። ምርት ሲካፈል ያዩ ሰው ናቸው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። መሬትን የሚያክል ቁስ ለማግኘት 81 ጨረቃ ያስፈልጋል። ታዲያ ስበቷ ለምን ሰማንያ አንደኛ እጅ አልሆነም? ነገሩ ርቀት ነው። ጨረቃ ትንሽ ስለሆነች ላይዋ የቆመ ሰው ከመሐሏ የሚርቀው 1,737 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እኛ ከመሬት መሐል 6,371 ኪሎ ሜትር ርቀን ነው የምንኖረው። ለልጄ የነገርኳት በምድጃ ነው። ትልቅ ምድጃ ርቆ የሚሞቅ ሰውና ትንሽ ምድጃ አጠገብ ኩርምት ያለ ሰው የሚያገኙት ሙቀት የምድጃዎቹን ያህል አይራራቅም። ይህን ስናገር የራሴ ሐሳብ አስመስዬ ነው፤ ምድጃው በእርግጥም የራሴ ነበር።

ርዕሱን መሰረዝ አልተቻለም። «የለም» የሚለው ላይ ጨረቃዋን ለጠፍንበት።

ቀጥሎ ሰንጠረዥ ተሠራ፦ «የቤተሰቤ ክብደት»፣ አንድ ዓምድ ለመሬት፣ አንድ ዓምድ ለጨረቃ። ልጄ 30 ኪሎ ናት፤ ጨረቃ ላይ 5፣ ከባለ አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ብዙም የማትበልጥ። በአንድ እጄ አንጠልጥያት ገበያ እወጣለሁ ማለት ነው። እዚህ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የምትዘል ከሆነ እዚያ በዚያው ጉልበት ወደ አንድ ሜትር ከሰማንያ ትነሳለች። ይህን ስትሰማ ራሷን ከራሰ በራዬ በላይ ስትበር ሣለች። እኔ 85 ነኝ፤ ለስድስት አልካፈል ስላልኩ ለሳይንስ ስል አንድ ኪሎ ቀነስኩና 84 በሚለው ተመዘገብኩ፤ ጨረቃ ላይ 14።

የባለቤቴ ተራ ደረሰ። «የኔን ክፍል ሙሉ ሊያየው?» አለች። ተለመነች። በመጨረሻ «የመሬቱን ባዶ ተዉት፤ የጨረቃውን ብቻ ጻፉ» ብላ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ሰው ሁሉ የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው። ተመልሳ «አሥራ ሁለት» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። እንዲያ ያለ ደስታ ፊቷ ላይ ካየሁ ቆይቻለሁ። ልጄ ጻፈች፤ ባዶዋን ሳጥን በቀይ አበባ ዙሪያዋን አስጌጠቻት።

«እማማስ?» ስንላቸው አማቴ ተቆጡ። «በግ ነኝ እንዴ የምመዘነው? ይልቅ ጤፉን ንገሩኝ።»

«የምን ጤፍ?»

«አንድ ኩንታል ጤፍ እዚያ ቢወጣ ስንት ይመዝናል?»

መቶን ለስድስት አካፈልኩ። «አሥራ ስድስት ኪሎ ከምናምን።»

«ቀሪው የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም እማማ። ቀለለ እንጂ ጤፉ እንዳለ ነው።»

«ጆንያው ጎደለ?»

«አልጎደለም።»

«ሲጋገር እንጀራው ያንሳል?»

«አያንስም።»

«እንግዲያ ኩንታል ነው» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ሽንፈት ስለማልወድ «ሚዛኑ ግን አሥራ ስድስት ነው የሚልዎት» አልኩ።

«የትኛው ሚዛን?»

እዚህ ላይ ነው ወገቤ የተቆረጠው። ሴትየዋ በወጣትነታቸው ገበያ ወጥተው እህል ሸጠዋል። የሚያውቁት ሚዛን ሁለት ሳህን ያለው ነው፤ በአንዱ እህሉ፣ በሌላው የብረት መመዘኛው። እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ሚዛን ሆነው አሳዩኝ። «ጤፉ ከቀለለ መመዘኛውስ አይቀልም? ሁለቱም እኩል ከቀለሉ ሚዛኑ በየት በኩል ይደፋል?»

በየትም አይደፋም። ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ጨረቃ ላይም አንድ ኩንታሉን አንድ ኩንታል ይላል፤ እሱ ቁስን ከቁስ ነው የሚያስተያየው። አሥራ ስድስት የሚለው ሞላ ያለው፣ የሚንጠለጠለው ሚዛን ነው፤ ሞላውን የሚጎትተው ስበት ነዋ። የትምህርት መጽሐፍ አንዱን መጠነ ቁስ፣ ሌላውን ክብደት ብሎ ይለያቸዋል። እኔ ፈተና ላይ ልዩነቱን ጽፌ ማርክ ያገኘሁበት፣ ከፈተና ስወጣ ግን እዚያው የተውኩት ነገር ነው። ደግሞ አማርኛችን ራሱ አያግዝም፤ በቀን ተቀን ንግግር ሁለቱም ክብደት ናቸው፣ ሁለቱም በኪሎ ናቸው። እንደ ሳይንሱ ቢሆን ክብደት በኒውተን ነው የሚጻፈው፤ ግን ሰንጠረዡ ላይ «እናቴ 116 ኒውተን» ብንል ከቤት የሚወጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሞላ ስላለው ሚዛን ስነግራቸው አማቴ ሳቃቸው መጣ። ከጎረምሳ እስከ ሽማግሌ የሚያውቁት አንድ እህል ገዢ ነበር፤ ሚዛኑን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ገበሬ ሲሸጥለት ሁልጊዜ ይጎድላል። «በጨረቃ ኪሎ ነበር ለካ የሚገዛን!»

«እማማ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ሲወጣ ያስታውሳሉ?» አለች ልጄ።

በእኛ አቆጣጠር ኒል አርምስትሮንግ እግሩን ያሳረፈው ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው። አማቴ ኮረዳ ነበሩ። «ሬዲዮ የሰማ መምህር ነገረን። ቀና ብንል ደመና ነው። በሐምሌ ማን ጨረቃ ያያል? መስከረም እስኪጠባ ጠብቀን አየናት፤ ምንም አልሆነች።»

ቻርቱ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ሳለሁ አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር፤ ሳላሳያቸው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሐምሌ 26 ቀን 1963 ዓ.ም. የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ካሜራው ፊት ቆሞ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የጭልፊት ላባ ይይዛል። መዶሻው 1.32 ኪሎ ነው፤ ላባው 30 ግራም። መንኩራኩራቸው ስሟ በእንግሊዝኛ ጭልፊት ስለነበር ነው ላባውን ከጭልፊት የወሰዱት። ሁለቱንም እኩል ይለቃቸዋል። ቀስ ብለው፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሙሽራና ሚዜ ወርደው እኩል አፈሩን ይነካሉ። ላባውን የሚያዘገየው አየር የለማ፤ ስበት ደግሞ ከባድ ቀላል ብሎ አያዳላም።

«እኛም እንሞክር!» አለች ልጄ።

መዶሻ አልነበረንም፤ ዘነዘና አለ። ላባ ከኮሪደሩ ተገኘ፤ ከጎን ያሉት ጎረቤቶች ለገና የገዙት ዶሮ እዚያ ታስሮ ሲያድር የጣለው ነው። ወንበር ላይ ቆምኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባለ፤ ለቀቅኩ። ዘነዘናው ወለሉን ጓ! አደረገው። ላባው ግን ወደ መጋረጃው ሄደ፣ ሐሳቡን ቀየረ፣ ተመለሰ፣ አማቴ ጋቢ ላይ አረፈ። «አየሽ» አልኳት ልጄን፣ «ልዩነቱን ያመጣው አየሩ ነው እንጂ ስበቱ አይደለም።» ከአንድ ሰዓት በፊት የተሳሳትኩትን ነገር በራሴ ዘነዘና ማረሜ ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም።

በሩ ተንኳኳ። የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ነው፣ በነጠላ ጫማ። ጣሪያው ላይ የወደቀው ምን እንደሆነ ሊጠይቅ መጥቶ ቻርቱን አየ። የመጣበትን ረሳ። ቀረብ ብሎ አነበበ።

«ስድስተኛ እጅ? የለም አይደል እንዴ?»

«አለ» አልኩ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ እንደማውቀው ሰው።

«እኛ እኮ የለም ብለን ጽፈናል። በብር ቀለም።» ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲቀመጥ ለመንነው፤ ማምሸታችን ያልቀረ መሆኑን ያየችው ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር። ጀበናው ማቶቱ ላይ እስኪሰክን ልጄ ጥያቄዋን አላቆመችም፦ ጨረቃ ላይ ቡና ይፈላል ወይ? አየር ባለው ቤት ውስጥ ከሆነ ይፈላል። ግን አተላው እስኪዘቅጥ ብዙ ትጠብቂያለሽ፤ ወደ ታች የሚጎትተው ስበት ደካማ ነው። ሲቀዳም ከጀበናው አፍ ወጥቶ ሲኒው ውስጥ የሚገባው ሁለት እጥፍ ተኩል በሚሆን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ጀበናውን ከፍ አድርጋ በቀስታ ቀዳች፤ ሁላችንም፣ ጎረቤቴም ጭምር፣ ያቺን ቀጭን ጥቁር ክር ከላይ እስከ ታች በዓይናችን ተከተልናት። ሃያ ዓመት ቡና ጠጥቻለሁ፤ ቡና ሲወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጎረቤቴ ሲኒውን ጨልጦ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ከበታች ወረቀት ሲቀደድ ተሰማን።

ልጄ ከመተኛቷ በፊት የመጨረሻ ሥዕል ጨመረች፤ በጀርባው የወደቀ ጠፈርተኛ። እሱም እውነት ነው። በ1964 ዓ.ም. የአፖሎ 16ቱ ቻርልስ ዱክ ጨረቃ ላይ ከፍ ብዬ ልዝለል ብሎ ሚዛኑን ስቶ በጀርባው ወድቋል። ልብሱና ጀርባው ላይ ያዘለው መሣሪያ መሬት ላይ ሲመዘኑ ከ80 ኪሎ በላይ ናቸው፤ መተንፈሻውም ያለው እዚያው ጀርባው ላይ ነው። ስድስተኛ እጅም ቢሆን ስበት ስበት ነው፤ ሰው ይጥላል። ሥዕሉ ላይ ጠፈርተኛው ራሰ በራ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጠዋት ቻርቱን ይዘን ታክሲ ተሳፈርን። የጫማ ቀለም በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ወያላው «ጋሼ፣ እሱን ነገር ወደ ላይ ያዙት፣ ሰው ይነካል» እያለ ሰማያችንን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ጣሪያ አስደግፈነው ሄድን። ቢሮ የገባሁት በአቧራማ ጫማ ነው፤ ቀለሙ ሰማይ ሆኖ አልቋል።

ማክሰኞ ቻርቱ ተመልሶ መጣ። ልጄ ከበሩ ጀምራ ትጮሃለች፦ መምህሯ ከሁሉም የወደዱት የእሷን ነው፤ ሰሌዳው ላይ ሰቅለውታል፤ ለምን መሰላችሁ፣ ጥያቄ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ!

«የምን ጥያቄ?» አለች እናቷ።

ባዶዋ ሳጥን። በቀይ አበባ የተከበበችው። መምህሯ «ጎበዝ፣ ይህቺ የተተወችው ለእናንተ ነው፤ ጨረቃ ላይ 12 የሆነ ሰው መሬት ላይ ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ መለሰ። መልሱ በአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ፣ በጉልህ፣ አበባው መሐል ተጽፏል፦ 72። አጠገቡ ትክክል ምልክት አለ።

ባለቤቴ ቻርቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ጥቁሩ ጣቷን ነክቷታል።

«ሰባ አንድ ነኝ» አለች።